ተደራርበው የተሠሩ የሮኬት ክፍሎች ሲለያዩ ይፈነዳሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም፤ በኬርባል ስፔስ ፕሮግራም (ሮኬት ሠርተው በሚያስወነጭፉበት የኮምፒውተር ጨዋታ) አንድ ሮኬት አስቸግሮኛል። መሃሉ ባለ 2.5 ሜትር ጃምቦ-64 የነዳጅ ታንክ ሲሆን ከሥሩ ሜይንሴይል ሞተር አለው። ዙሪያውን 4 ኤፍኤል-ቲ800 ታንኮች በቲቲ-38ኬ ዲካፕለር (ክፍሎችን አያይዞ በትእዛዝ በሚለቅ ዕቃ) ተያይዘዋል። ዲካፕለሩ እንዳይታይ ብዬ የጎን ታንኮቹን በኦፍሴት (ክፍልን ከቦታው በሚያንሸራትት) መሣሪያ ወደ ውስጥ ገፋኋቸው፤ የውፍረታቸው ሩብ ያህል መሃለኛው ታንክ ውስጥ ገብቷል።

እስኪለያዩ ድረስ ሰላም ነው፤ የአንድ የጠፈር መንኮራኩር ክፍሎች እርስ በርስ አይጋጩምና። ጣጣው ዲካፕለሩ ሲለቅ ነው። ታንኮቹ በዚያች ቅጽበት ራሳቸውን የቻሉ መንኮራኩሮች ስለሚሆኑ እንደተጋጩ ይቆጠርና ይፈነጠራሉ፤ አንዳንዴ ሜይንሴይሉንም ይዘውት ይሄዳሉ።

አልት እና ኤፍ12 ሲጫኑ በሚመጣው ሰሌዳ ላይ መደራረብን የሚፈቅደው አማራጭ አይረዳም፤ የሚሠራው ግንባታው ላይ ብቻ ነው። ኦቶስትራትም (ክፍሎችን በራሱ የሚያጠናክረው የማይታይ ድጋፍ) መወላወልን እንጂ ግጭትን አይከለክልም። ሴፓራትሮን (የተለየውን ክፍል የሚገፋ ትንሽ ሮኬት) ጨምሬም ያው ነው።

ዲካፕለሩን ብቻ ወደ ውስጥ አስገብቼ ታንኩን ከመሃለኛው ገጽ ውጭ ባቆመው ይበቃል? ስንት ሳንቲሜትር ክፍተት ትተዋላችሁ? ሴፓራትሮኑስ ከክብደት ማዕከሉ በላይ ይሁን ወይስ ልክ እሱ ላይ? ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት የጨዋታው ተጨማሪ) የሚጠይቅ መፍትሔ ግን ይቅርብኝ።