ድሬ ላሉት ልጆች ሁሉ የሉፐስ የዘር ምርመራ ብር ይላክ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ያለች የባለቤቴ የእህት ልጅ በ9 ዓመቷ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ተብላ መድኃኒት ጀምራለች። «በዘር ነው» ስለተባሉ ለሦስቱ ታናናሾቿም የጂን ምርመራ ብር ላክልን እያሉ ነው። ቤተሰቡን የማስመጣት ፎርምም ገብቷል፤ የዲኤንኤው ምርመራ በሽታውን አሳይቶ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ፈርተዋል። ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን፦
ወረቀቱ ይቅለላችሁ። ከጉንጭ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና ዝምድናን ብቻ ነው የሚያነጻጽረው፣ ሉፐስ አያሳይም። የሕክምና ምርመራው ሌላ ነው፤ እዚያ መድኃኒቷን እንዳይደብቁ።

«በዘር» ሲባል ግን ሁለት ነገር አለ። አብዛኛው የልጆች ሉፐስ ከብዙ ጂኖች ይመጣል። ኤችኤልኤ፣ አይአርኤፍ-5፣ ስታት-4 እየተባለ ከ100 በላይ ቦታ ተለይቷል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች እንኳ አንደኛው ቢታመም ሌላው ላይታመም ይችላል። ለጤነኛ ታናሽ ይህን መመርመር ብር ማባከን ነው። ኤኤንኤ የሚባለው የሉፐስ የደም ምርመራም ቢሆን በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ ፖዘቲቭ ስለሚወጣ ቤቱን ማስደንገጥ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ብርቅ ነው፤ አንድ ጂን ብቻውን ያመጣዋል። ሲ-ዋን-ኪው የሚባለው የኮምፕሊመንት (በደም ውስጥ ያለ የሰውነት መከላከያ) ፕሮቲን ጨርሶ የሌላቸው ልጆች ከ10 ወደ 9ኙ ሉፐስ ወይም እሱን የሚመስል በሽታ ይይዛቸዋል። የሚጠረጠረው ከ5 ዓመት በፊት ሲጀምር፣ ወላጆች የሥጋ ዘመድ ሲሆኑ፣ ወንድም ወይም እህት ሲታመም፣ ማጅራት ገትር ወይም ሳንባ ምች ሲመላለስ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምትመረመረው የታመመችው ናት። የተበላሸው ጂን ከተገኘ ታናናሾቹ ለዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ ይታያሉ።

ዘጀጎል፦
በላብራቶሪ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ ጥርጣሬ ሲኤች-50 የሚባል፣ ኮምፕሊመንት መሥራቱን የሚለካ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ኮምፕሊመንት ሙቀት አይችልም። ደሙ እንደረጋ ሲረሙ (ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ቶሎ ተለይቶ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ መቀዝቀዝና በደረቅ በረዶ መጓዝ አለበት። በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ውጤቱ ዜሮ ይመጣና ልጅቷ በተፈጥሮ የሌላት ይመስላል። ለዲኤንኤ ግን ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ ለጥቂት ቀናት ያለ በረዶም ይቆያል።

ለገሃሬ፦
አቦ፣ ብሩን ለኩላሊቷ አውሉት! በልጆች ላይ ሉፐስ ኩላሊትን ቶሎ ነው የሚነካው፣ ሳያማትም ሊጀምር ይችላል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ለፕሮቲን ይታይ፤ ደም ግፊቷ ይለካ፤ ሽንቱ አረፋ ካበዛ ወይም ጠዋት ዓይኗ ዙሪያ ካበጠ ቀጠሮ አይጠበቅ። የሉፐሱ ኪኒን ሃይድሮክሲክሎሮኪን በቀን ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ 20 ኪሎ ከሆነች 100 ማለት ነው። ኪኒኑ ባለ 200 ስለሆነ ሐኪሞች አንድ ቀን እያዘለሉ ሊያዙት ይችላሉ። ሲጠፋ የወባውን ክሎሮኪን እንዳይተኩበት፣ ዓይን ላይ ይበልጥ ይከፋል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥም። የቀትር ፀሐይም በሽታውን ስለሚቀሰቅስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ረጅም እጅጌ ትልበስ።

መጋላ፦
ሁሉም ያለፈው ነገር የአክስትና የአጎት ልጅ ጋብቻውን ነው። ሰባት ቤት ቢቆጠር ኖሮ ይሄ ባልመጣ።

ሳቢያን፦
እንዲህ አይባልም፣ ወንድሜ። ሰባት ቤት መቁጠር ለብርቁ ዓይነት ይረዳል፤ ለብዙው ዓይነት አይሠራም። የሲ-ዋን-ኪውም ቢሆን ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንዲህ ሲባል ሁልጊዜ የምትወቀሰው እናት ናት።

መጋላ፦
እኔ ማንንም አልወቀስኩም። ሰው አፍሮ ዝምድናውን ሐኪም ፊት ሲደብቅ ምርመራው ይሳሳታል ነው የምለው።

ዘጀጎል፦
እሱስ ልክ ነው። የከዚራ ልጅ፣ ወላጆቿ ይዛመዳሉ? መጀመሪያ ምልክት የታየባትስ በስንት ዓመቷ ነው?

የከዚራ ልጅ፦
ፊቷ ላይ ሽፍታው የወጣው በ4 ዓመቷ ነው ይላሉ። ዝምድናውን ግን እኔ አማች ሆኜ በስልክ መጠየቅ ከበደኝ።