የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒት ለችፌ የሞከራችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ
ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ህንድ፣ ፑኔ ነው። ክርኔና ጉልበቴ መታጠፊያ ላይ የወጣው ችፌ አልለቅ ብሎኛል። የታዘዘልኝን የስቴሮይድ ቅባት ስቀባ ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል፤ ማታማ ማሳከኩ አያስተኛም። ጎረቤቶቼ የአዩርቬዳ ሐኪም ጋ ወሰዱኝ። ኒም ከሚባል ዛፍ የተሠራ እንክብልና ማንጂሽታ የሚባል ቀላ ያለ የሥር ዱቄት ሰጠኝ፤ እነሱስ ስማቸው ይታወቃል። ያስጨነቀኝ በጋዜጣ ቁራጭ የጠቀለለልኝ ግራጫ ዱቄት ነው። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «ራሳ ነው፣ ደም ያጠራል» ብሎ ዝም። ራሳ የሚሏቸው የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች አንድ አምስተኛው ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እኔ ደግሞ ጡት አጠባለሁ! ዱቄቱን አልቀመስኩትም። የት ማስመርመር ይቻላል? ኒሙንስ ለምታጠባ ሴት ሐኪም ይፈቅዳል?