የሮክ ድምፃዊት ስለ ልጅነቷ የምትተርክበት ዘጋቢ ፊልም፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ
የ70 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ድምፃዊቷ ዱላና መጠጥ በበዛበት ቤት እንዴት እንዳደገች ራሷ ትናገራለች። በእጃችን ያለው ሁለት ካሜራ፣ 11 የቪኤችኤስ (የድሮ ቪዲዮ) ካሴትና ዘፈኖቿ ናቸው። ታሪኩን ለጋዜጠኛ ደጋግማ ስለነገረችው ግን በሙከራ ቀረጻው ላይ ያጠናችውን የምታነበንብ ትመስላለች። ምን ይሻላል?

መልስ 1
«ምን ተሰማሽ?» ካላችሁ ያንኑ የተጠናውን ነው የምትሰሙት። የድሮ ፎቶ ወይም የመጀመሪያ ጊታሯን አስይዟትና «ይሄ የት ነበር የሚቀመጠው? በሩ ይቆለፍ ነበር?» በሏት። ዝም ስትል አትቸኩሉ፤ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከባዱ ነገር መሃል ላይ ይምጣ፤ መጨረሻው ስለ ዛሬ ኑሮዋ ይሁን። በአንድ ቁጭታ ከ90 ደቂቃ አትለፉ። የማቆሚያ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ካሳየች ካሜራው ይጠፋል፣ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ነገር የለም። «ለምን አልሸሸሽም?» ደግሞ ጨርሶ አይነሳ፤ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ ይጭናል።

መልስ 2
የቆዳ ጃኬትና የአንገት ሐብል የደረት ማይክ ጠላቶች ናቸው፤ በተነፈሰች ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። ሐብሉ ይውለቅ፣ ማይኩ ከአገጯ 20 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ ሌላ ማይክ ደግሞ ከምስሉ ውጭ ከላይ ይንጠልጠል። የመቅረጫውን የድምፅ ጥራት 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ላይ አድርጉ። የድምፁ ጫፍ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ፤ ድምፃዊት ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት በአንድ ትንፋሽ ትዘላለች። ከመነሳታችሁ በፊት የክፍሉን ባዶ ድምፅ 1 ደቂቃ ያዙ፤ ያለሱ ዝምታው ላይ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ይሰማል።
ካሴቶቹን በመስኮታቸው ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በክሎ ቀጣዩንም ካሴት ያበላሻል።

መልስ 3
«ዘፈኖቿ» ብላችሁ አትዘናጉ። የግጥምና ዜማው መብት አንድ ነው፣ የቅጂው (ተቀርጾ የወጣው ድምፅ) መብት ሌላ፤ ቅጂው ብዙ ጊዜ የአሳታሚው ነው። እሷ እሺ ብትልም አይበቃም። ለፌስቲቫል ብቻ የተገኘ ፈቃድም ለኢንተርኔት አያገለግልም።

ጠያቂ
ቅጂው ከተወደደብን ጊታሯን ይዛ እንደ አዲስ ብትዘፍነውስ?

መልስ 3
ይሠራል፣ ለፊልሙም ያምራል። የግጥምና ዜማው ፈቃድ ግን ይቀራል። ውሏንም አንብቡ፤ አንዳንዱ ውል ለተወሰኑ ዓመታት ዳግም መቅረጽን ይከለክላል። ወላጇ በሕይወት ካሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ኤዲት የስም ማጥፋት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው፤ የምስሉ ቀለምና ድምፁ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት እንኳ ብዙ ሥራ ያፈርሳል።