የዕቅድ ውይይት፦ በደሴት ወደቦች በራሳችን ለመዞር የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦
የቅዳሜው ስብሰባ ለገሃር በተለመደው አዳራሽ ነው። ከዚያ በፊት ረቂቁን እዚህ እንጨርሰው። መነሻው ይህ ነው፤ ማኅበሩ በሚያዘጋጀው የሕንድ ውቅያኖስ የመርከብ ጉዞ፣ አባላት ዛንዚባር (ታንዛኒያ)፣ ኖሲ ቤ (ማዳጋስካር)፣ ማሄ (ሲሸልስ)ና ፖርት ሉዊ (ሞሪሺየስ) ላይ መርከቡ በየወደቡ የሚሸጠውን ጉብኝት ሳይገዙ በቡድን ይዞራሉ። ቡድኑ አራት ሰው ይሁን፤ አንድ ታክሲ የሚይዘው ያንን ነው። “ጥሩ ነው” ብሎ ማለፍ ረቂቁን አይጠቅመውም፤ የሚጨመረውንና የሚቀነሰውን ጻፉልኝ።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ጋሼ፣ ከመዳረሻዎቹ በፊት ስለ ሰዓት አንቀጽ ይግባ። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ሰው አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የወጣውን ግን ጥሎት ይሄዳል። የመመለሻው ሰዓት መርከቡ ከሚነሣበት አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ይቀድማል፤ አንዳንዱ ድርጅት አንድ ሰዓት ያደርገዋል። መውጫው አጠገብ በሰሌዳ ስለሚለጠፍ ሁሉም በስልኩ ፎቶ ያንሣው።

ስሕተት የሚመጣው ከሰዓት ልዩነት ነው። ዛንዚባርና ኖሲ ቤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፤ ማሄና ፖርት ሉዊ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። መርከቡ የራሱን ሰዓት ከወደቡ ጋር ላያስተካክል ይችላል፤ ስልክ ግን የየብስ ኔትወርክ እንዳገኘ ራሱን ይቀይራል። ስለዚህ ከየቡድኑ አንድ ሰው በመርከቡ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት ይሰር። ሌላው የእኛ አቆጣጠር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ ሾፌሩ “ሳ ኩሚ” ካለ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው፣ በመርከቡ ሰሌዳ 16:00። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሊሻገር ይችላል። ቀጠሮው በወረቀት ላይ በሁለቱም ይጻፍ፦ 16:00፣ ከቀኑ 10:00።

ዋናው ደንብ ደግሞ ይህ ይሁን፦ ሩቁ ቦታ መጀመሪያ፣ ቅርቡ መጨረሻ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ማንም ቡድን በእግሩ ወደቡ ከሚደርስበት ቦታ አይራቅ። ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ታክሲው ቢቀር ማካካሻው እሱ ነው።

አባል (ካዛንቺስ)፦
ዛንዚባር ላይ ታክሲ የሚባለው ይሰረዝ። ወደቡ ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን ሰሜን ጫፍ ማሊንዲ ላይ ነው፤ ከበሩ እስከ ፎሮዳኒ መናፈሻ ያለው መንገድ ከለገሃር ሜክሲኮ አደባባይ ቢሄዱ ያህል ነው። ባሕሩን በቀኝ ይዞ ሲወረድ አሮጌው ክሊኒክ፣ የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት፣ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው የድንቆች ቤት፣ ከዚያ አሮጌው ምሽግ በተራ ይመጣሉ። የድንቆች ቤት በታኅሣሥ 2020 በከፊል ስለተደረመሰ ከውጭ ማየት ይበቃል። ከምሽጉ ወደ ውስጥ ተገብቶ የባሪያ ገበያው በነበረበት ላይ የቆመው የአንግሊካን ካቴድራል ይደረሳል። ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። እዚያ ችኮላ አይሁን፤ ለዚህ ቦታ ብቻ አንድ ሰዓት ይመደብ።

ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ፎቆቹ ሰማዩን ስለሚሸፍኑት የስልክ ካርታ ይዛባል። የጠፋበት ቡድን ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ክሪክ ሮድን ይፈልግ፤ የዳራጃኒ ገበያ ያለበት ሰፊ መንገድ ነው፤ ወደ ሰሜን ከተከተሉት ወደቡ ዘንድ ይመልሳል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ይባል። ለጾመኞች በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ካሳቫ በቀላሉ ይገኛል፤ “የዛንዚባር ፒዛ” የሚሉት ግን እንቁላል አለው።

አባል (አራት ኪሎ)፦
ቻንጉ ደሴት ለምን ቀረች? በ1919 ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች ያሉት እዚያ ነው፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

አባል (ካዛንቺስ)፦
ትግባ፤ ግን በደንቡ መሠረት ጠዋት መጀመሪያ ትሁን፣ ከሰዓት ነፋሱ ስለሚነሣ። ከመሳፈር በፊት የሕይወት ጃኬት ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩ ይረጋገጥ። ዋጋው ደርሶ መልስ መሆኑ በቃል ይጸና፣ ግማሹ ሲመለሱ ይከፈል። ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ቡድን ደሴቷ ላይ ጀልባ ሲጠብቅ ይውላል።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ኖሲ ቤ ላይ መርከቡ መልሕቅ ጥሎ ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ወደ ደሴቷ ከተማ ወደ ኤልቪል ያወርዳል። መጀመሪያ የሚወርዱት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ስለሆኑ የእኛ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሊጠብቅ ይችላል። የሚቆጠረውም የመጨረሻዋ ጀልባ ሰዓት እንጂ የመርከቡ መነሻ አይደለም። ባሕሩ ከተናወጠ ወደቡ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል፤ ስለዚህ እዚያ ቅድመ ክፍያ የሚባል ነገር አይግባ። ባጃጅ ስላለ ከተማዋን ለማየት አያስቸግርም።

አባል (አራት ኪሎ)፦
ማሄ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ የ1903ቱ የሰዓት ማማ፣ ገበያው፣ ሞን ፍለሪ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባም ኤሊዎቹም መናፈሻው ውስጥ ስላሉ ለእሱ ሲባል ወደ ሌላዋ ደሴት ወደ ፕራስሊን መሻገር የለም። መዋኘት ለሚፈልግ የቦ ቫሎን ባሕር ዳርቻ ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ አውቶቡስ ጣቢያ ተራራውን ተሻግሮ ነው፤ ሩቁ እሱ ስለሆነ በጠዋት። መኪና መከራየትም እናስብ።

ጸሐፊ፦
እህቴ፣ መኪናው ይውጣ። ማሄ በግራ ነው የሚነዳው፤ ዛንዚባርም ፖርት ሉዊም እንዲሁ። የተራራው መንገድ ጠባብ ነው፣ ብዙ ቦታ ከጎኑ መከለያ የለውም። ለእግረኛም ይጻፍ፦ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት። እኛ የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

አባል (ፒያሳ)፦
ፕራስሊንን ግን እንዲህ በቀላሉ አንጣላት። በ1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቫሌ ደ ሜ ያለው እዚያ ነው፤ ዘንባባው ጫካ ሆኖ የሚታየው እዚያ እንጂ መናፈሻ ውስጥ አይደለም።

የጉዞ ኮሚቴ፦
ልክ ነህ። ነገር ግን ጀልባው በመሄጃ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመልሱ ጉዞ ቢሰረዝ ሌላ አማራጭ የለም። እንዲህ ይጻፍ፦ መርከቡ ማሄ ካደረ ይኬዳል፤ ካላደረ የሚፈልግ ሰው የመርከቡን ጉብኝት ይግዛ። በራስ መሄድ የማያዋጣው ይህ የፕራስሊን ጉዞ ብቻ ነው።

አባል (ፒያሳ)፦
እስማማለሁ። ፖርት ሉዊን እኔ እጽፋለሁ። ጠዋት ከኢሚግሬሽን አደባባይ በአውቶቡስ ፓምፕልሙስ መናፈሻ፣ ከዚያ ተመልሶ ማዕከላዊ ገበያው፣ መጨረሻ ከወደቡ ዳር የውል ሠራተኞች መቀበያ የነበረው አፕራቫሲ ጋት። ከ1834 ጀምሮ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የሕንድ የውል ሠራተኞች የመጡት በዚህች ደሴት ወደብ በኩል ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ገንዘቡን በተመለከተ፦ ለእያንዳንዱ ሰው አነስተኛ የዶላር ኖቶች፣ ያልተቀደዱና አዲስ እትም፤ አሮጌውን ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ባሕር ላይ ስልክ ሁሉ የበረራ ሞድ ላይ ይሁን፤ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ሒሳብ ከባድ ነው። ደግሞ የመጠባበቂያ ገንዘብ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ። መርከብ ያመለጠው ሰው ወደሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ነው የሚሄደው። ከዛንዚባር ወደ ማሄ አንዱ መንገድ በቦሌ በኩል ስለሆነ ሁለት የአውሮፕላን ጉዞ ይታሰብ። የወደቡ ወኪል ስልክ በመርከቡ የዕለት ፕሮግራም ላይ ይታተማል፤ እሱና የፓስፖርት ቅጂ ከእያንዳንዱ ኪስ አይጥፉ።

ጸሐፊ፦
የሰነዱን እኔ ልዝጋው። የመግቢያ ፈቃድ ለየወደቡ ከመርከብ ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። መስመሩ ሬዩኒዮንን ከጨመረ ደሴቷ የፈረንሳይ ብትሆንም ከሸንገን (ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል) ውጭ ናት፤ የሸንገን ቪዛ ይዣለሁ ብሎ የሚተማመን አይኑር። ፌስታል ቤት ይቅር፤ ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 ጀምሮ ከልክላለች፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወሰዳል። የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ይጠየቃል፤ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ የሌለው ወይም የጠፋበት አባል እስከ ቅዳሜ ያሳውቀኝ።