አፖሎ ቲያትር ካላተረፈ በምን ይኖራል?

ጠያቂ (ከጅማ)፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ላይ ትንሽ የቲያትር ክበብ አለን። የምንለማመደው ሂርማታ አካባቢ በተውሶ አዳራሽ ነው። ወንበር ሲጠፋ የቡና ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። ሰሞኑን የኒውዮርኩ አፖሎ ቲያትር ለትርፍ እንደማይሠራ አነበብኩ። ታዲያ የጥቁር አሜሪካውያንን ጥበብ በምን ጉልበት ይዞ ቆየ?

መልስ 1፦
ሁሌም እንደዚያ አልነበረም። ሃርለም በተባለው የኒውዮርክ ሰፈር ያለው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲከፈት ጥቁር ተመልካች አያስገባም ነበር። አፖሎ ተብሎ በሩን የከፈተላቸው በ1934 ነው። በኋላ ከሰረ፣ ተዘጋም። በ1991 የኒውዮርክ ግዛት ገዛውና ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያዘው። ትኬት አለ፣ ልገሳ አለ፣ የመንግሥት ድጋፍም አለ።

መልስ 2፦
እኔ የምወደው የረቡዕ ማታውን የጀማሪዎች ውድድር ነው። ዝነኛዋ የጃዝ ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ17 ዓመቷ ልትጨፍር መጥታ፣ ፈርታ ዘፈነች። አሸነፈች! ያልተወደደ ግን ወዮለት። ሕዝቡ ይጮህበታል፣ አንዱ መጥረጊያ ይዞ ከመድረክ ያስወጣዋል።

ጠያቂ፦
መጥረጊያውስ አለን፣ አዳራሹን የምንጠርገው እኛው ነን 😄 ረቡዕ ግን አይመቸንም፤ ግማሾቹ ለሐሙስ ገበያ ዕቃ ያዘጋጃሉ። ቅዳሜ እንሞክረዋለን።