የቁስጥንጥንያ ዑደትና የእኛ ታቦት፦ መንገዱን የሚመራው ማን ነበር?

አምባሰሌው (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ታሪክ አስተምራለሁ። የቢዛንታይን መንግሥት መናገሻ የነበረችው ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) በሥዕልና በመስቀል ዑደት የታወቀች ከተማ እንደ ነበረች ስናነሣ፣ ተማሪዎቼ ወዲያው ከጥምቀትና ከግሸን ጋር ያስተያዩታል። መጻሕፍቱ ንጉሠ ነገሥቱ ምን ለብሶ በየት በኩል እንዳለፈ በሰፊው ይተርካሉ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን የሕዝቡን ድርሻ ነው። ዑደቱ የቤተ መንግሥት ትዕይንት ነበር ወይስ እንደ እኛ ምህላ ከጭንቅ የተወለደ? መንገዱንስ የሚመራው ማን ነበር?

ከላስታ፦
መምህር፣ ሁለቱም ነበሩ፤ መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅ ነው። የከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የሐጊያ ሶፍያ የ10ኛው መቶ ዓመት የሥርዓት መጽሐፍ በዓመት ከ60 የሚበልጡ ዑደቶችን ይዘረዝራል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሁሉም አይገኝም ነበር። ብዙዎቹ የቅዱሳን በዓላት ስለሆኑ አላቆይዎትም፤ የመከራ መታሰቢያዎቹ ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። በ447 እ.ኤ.አ. የከተማዋን ቅጥር ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በየዓመቱ ጃንዋሪ 26 ይታሰብ ነበር። በ626 አቫሮች የሚባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከብበው፣ ፋርሶችም ከባሕሩ ማዶ ሰፍረው ሳለ፣ ንጉሡ ሕርቃል በዘመቻ ላይ ስለ ነበር፣ ቅዱስ ሥዕል ይዞ ቅጥሩን የዞረው ፓትርያርክ ሰርጊዮስ ነው፤ ይህም ኦገስት 7 ይዘከር ነበር። አንዱ ትውልድ እያለቀሰ የሄደበትን ጎዳና የሚቀጥለው ትውልድ በዓል አድርጎ ይሄድበታል ማለት ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ከሐጊያ ሶፍያ ተነሥተው ሜሴ በሚባለው ዋና ጎዳና ወደ ቆስጠንጢኖስ አደባባይ ይሄዳሉ፤ እዚያ በታላቁ ዐምድ አጠገብ ቆመው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ወደ ዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ያመራሉ። ሴፕቴምበር 25 ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ በሰባተኛው ማይል እስካለው ሜዳ ድረስ ይወጡ ነበር። በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን ምድር ስትናወጥ ሕዝቡ ከፓትርያርክ ጵሮክሎስ ጋር በዚያ ሜዳ ምህላ ይዞ ሳለ፣ አንድ ሕፃን ወደ ሰማይ ተነጥቆ «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል» የሚለውን ዝማሬ ሰምቶ እንደ ወረደ ትውፊታቸው ይናገራል። የእኛ ሊቃውንት ይህንኑ ዝማሬ ከዮሴፍና ከኒቆዲሞስ ጋር እንደሚያያይዙት መቼም ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ወረኢሉ፦
ከላስታ የጻፉት መልካም ነው፤ ሆኖም «ማን ይመራል» ለሚለው ጥያቄ የተሻለው ማስረጃ የማክሰኞው ዑደት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባለው፣ ሆዴጌትርያ (በግሪክ «መንገድ መሪ») የተሰኘችው ሥዕለ ማርያም ማክሰኞ ማክሰኞ ከገዳሟ ትወጣ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የመጣው ሩስያዊው ተሳላሚ እስጢፋኖስ ዘኖቭጎሮድ እንደ ጻፈው፣ ከባዷን ሥዕል በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያቆሟታል፤ እርሱም እንደ ተሰቀለ ሰው እጆቹን ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሏ ራሷ ወዲህና ወዲያ ትገፋዋለች እንጂ እርሱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በ1437 የደረሰው የካስቲል ሰው ፔሮ ታፉርም ተሸካሚዎቹ ቀይ ልብስ ለባሾች እንደ ነበሩ መስክሯል። «ታቦቱ አልሄድም ብሎ ቆመ» ሲባል፣ ካህኑ አንድ እርምጃ መራመድ አቅቶት፣ ሕዝቡ እየተንበረከከ እግዚኦ ሲል ላየ የወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቁስጥንጥንያ ሰው መንገዱን የሚመራው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ «እርሷ ናት» የሚል ይመስለኛል።

ቦሩ ሜዳ፦
ንጽጽሩን እቀበላለሁ፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን እንዳይዘለል። ታቦት በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ይወጣል፤ ከካህናት በቀር የሚያየው የለም። ሆዴጌትርያ ግን የምትወጣው ልትታይ ነው። ለእኛ መጋረጃ ትንሽ የሚቀርበው በብላኬርኔ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ነው፤ በዚያ ሥዕለ ማርያምን የጋረደው መጎናጸፊያ ዓርብ ማታ ራሱ ይገለጣል ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲያውም በ1075 የከተማዋ ሊቅ ሚካኤል ፕሴሎስ እንደ ጻፈው፣ አንድ የጦር ሰውና አንድ ገዳም በወፍጮ ይገባኛል ቢካሰሱ፣ ፍርዱ በመጋረጃው መገለጥ እንዲለይ ተስማምተው ነበር።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ቀላል ድርሻ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ዮሐንስ ኮምኔኖስ በ1133 ድል አድርጎ ሲመለስ በብር በተለበጠ ሠረገላ ላይ ሥዕለ ማርያምን አስቀምጦ እርሱ መስቀል ይዞ በእግሩ ሄደ። በ1261 ከተማዋ ከላቲኖች (ከያዟት ምዕራባውያን) እጅ ስትመለስም ንጉሠ ነገሥቱ ሚካኤል ፓሌዎሎጎስ «የወርቅ በር» በሚባለው የከተማዋ በር የገባው ሆዴጌትርያን አስቀድሞ፣ በእግሩ እየተከተለ ነው። ይህን ትሕትና ብቻ አድርጎ መውሰድ የዋህነት ነው፤ ሚካኤል ሕጋዊውን ሕፃን ንጉሥ አሳውሮ ዙፋኑን ለብቻው የያዘው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበርና።

አምባሰሌው (ደሴ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የመስቀል በዓልስ በእነርሱ ዘንድ እንዴት ነበር?

ከላስታ፦
ሴፕቴምበር 14 ነበር፤ በእነርሱ የዩልዮስ አቆጣጠር ይህ ቀን በአብዛኛው ዓመት የእኛ መስከረም 17 ነው። ደመራ ግን አያነዱም፤ ፓትርያርኩ በሐጊያ ሶፍያ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ሆኖ መስቀሉን ወደ አራቱ ማዕዘን ያነሣል፤ ሕዝቡም እኛ በሰሞነ ሕማማት እንደምንለው ኪርያላይሶን እያለ ይቀበላል።