ቀይ ቅጠል ፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ ማዘጋጀት) ይሠራል? ሙከራዬ ከሸፈብኝ

ጠያቂ (የባዮሎጂ መምህር)፦
ሰላም ወገኖች። ግቢያችን ውስጥ ቅጠሉ ጥቁር ቀይ የሆነ ተክል አለ። አንዲት ተማሪዬ «አረንጓዴ ከሌለው ምግቡን በምን ይሠራል?» አለችኝ። ክሎሮፊል (አረንጓዴው የቅጠል ቀለም) ውስጡ እንዳለ ላሳያት ቅጠሉን በውሃ ቀጥቅጬ ወረቀት ነከርኩበት። የወጣው ሮዝ ብቻ ነው! ላብራቶሪ የለንም። ምን ላድርግ?

ሐመልሚል፦
መምህር፣ ሙከራዎ አልከሸፈም። ቀዩ አንቶሲያኒን ይባላል፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በሴሉ የውሃ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ለፎቶሲንተሲስ ብርሃን አያቀብልም፤ ይልቁንም ቅጠሉን ከኃይለኛ ፀሐይ ይከላከልለታል። ክሎሮፊል ግን ስብ ወዳድ ነው። ክሎሮፕላስት (ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ ካሉት ስስ ሽፋኖች ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ውሃ አያወጣውም። ቅጠሉን ሳይቀጠቅጡ የፈላ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ቀዩ ሲለቅ አረንጓዴው ብቅ ይላል።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፦
ለወረቀቱ ሙከራ ግን ቅጠሉን በውሃ ሳይሆን በንጹህ አልኮል ይቀጥቅጡት። ሽታና ዘይት ያልገባበት አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ካገኙማ ይበልጣል። በቆስጣ ይለማመዱ። ጭማቂው ወፍራም ይሁን። ከቡና ማጣሪያ ወረቀት ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ላይ በእርሳስ ያስምሩ፤ በእስክሪብቶ ካሰመሩ ቀለሙ አብሮ ይሮጣል። መስመሩ ላይ ጠብ እያደረጉና እያደረቁ 10 ጊዜ ይደጋግሙ። ከዚያ ወረቀቱን መስመሩ ወደ ታች ሆኖ አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፤ አልኮሉ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ነጥቡ ከጠለቀ ሁሉም ይታጠባል። እባክዎ እሳት አጠገብ እንዳይሠሩ።

የዕፅዋት ተማሪ፦
ላይ ድረስ የሚሮጠው ብርቱካንማ ቢጫው ካሮቲን ነው። ሁለቱ የክሎሮፊል ዓይነቶች፣ ኤ እና ቢ፣ ከታች ይቀራሉ። ክሎሮፊል ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ይውጣል፣ አረንጓዴውን ግን ብዙም አይፈልገውም፤ ለዚህ ነው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን። ካሮቲን ደግሞ ክሎሮፊል በደንብ የማይወስደውን ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ይቀበልና ኃይሉን ለክሎሮፊል ያስተላልፋል። የዚህን ቀለም የመለያ ዘዴ (ክሮማቶግራፊ) መነሻ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ጽቬት በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ይህንኑ የቅጠል ቀለም ለመለየት ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ሠራነው። ውሃው ቀላ፣ ቅጠሉ የወይራ አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱ ላይም ቢጫው ከአረንጓዴው በላይ ወጣ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ልትለጥፈው ወሰደችው። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅጠሉ ለምን ደመቅ ያለ አረንጓዴ አልሆነም?

ሐመልሚል፦
ሙቀቱ ነው። የቅጠሉ አሲድ ክሎሮፊል መሃል ላይ ያለውን ማግኒዚየም ያስወጣዋል። ጎመን ብዙ ሲበስል የሚጠቁረውም ለዚሁ ነው። ወረቀቱን ደግሞ ብርሃን እንዳይነካው ደብተሯን ትዝጋው፤ አረንጓዴው ቶሎ ይደበዝዛል።